ትንሽ ውሻ ይዞ ባሕር ዳር ማደር፦ ከዲሲ ለሚነሣ ሰው አራት ቦታዎች ሲነጻጸሩ

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ተቀምጣችሁ «ውሻችንን ይዘን ባሕር ዳር አንድ ሁለት ሌሊት እንደር» ካላችሁ፣ በመኪና የሚደረስባቸው አራት ደህና ቦታዎች አሉ። ሜሪላንድ ውስጥ አሳቲግ ደሴት፣ ደላዌር ውስጥ ኬፕ ሄንሎፐን፣ ቨርጂኒያ ቢች ያለው ፈርስት ላንዲንግ፣ ኖርዝ ካሮላይና ያለው ኬፕ ሃተራስ። ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ አራቱም «ውሻ ይፈቀዳል» ተብለው ነው የሚወጡት። ጣጣው እዚያ ላይ ነው። አንዳንዱ ጋ የተፈቀደው ካምፑ ነው እንጂ ባሕሩ አይደለም። ሌላው ጋ ባሕሩ ተፈቅዶ የእግር መንገዱ ተከልክሏል።

ስለዚህ እኔ የምጀምረው ከክልከላው ነው። ውሻዬ የት አትገባም? የማትገባበት ቦታ እኛ የሄድንበት ዋና ጉዳይ ከሆነ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ሁልጊዜ ድንኳን ጋ ቁጭ ብሎ ይውላል። መኪና ውስጥ ዘግቶ መሄድ በሰመር አይታሰብም፤ መስኮት ገርበብ ማድረግም አያድንም።

ትንሽ ውሻ ስል ቺዋዋ፣ ዮርኪ፣ ማልቲዝ፣ ሺትዙ፣ ትንሹ ፑድል፣ ከ8 ኪሎ በታች ያሉትን ማለቴ ነው። የኛዋ ቡቺ 4 ኪሎ ናት። ለላብራዶር የተጻፈ ምክር ለሷ አይሠራም። ሆዷ ከአሸዋው አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው፤ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመጣባታል።

ለቸኮለ ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የመጀመሪያ ጉዟችሁ ከሆነ ፈርስት ላንዲንግ ሂዱ። የምትወዱት በእግር መሄድ ከሆነና ባሕር ውስጥ መግባት ያን ያህል ግድ ካልሰጣችሁ ሄንሎፐን ነው። ሃተራስ ሳምንት እረፍት ላለው ሰው ነው። አሳቲግ ከአራቱ ውቡ እሱ ነው፤ ትንሽ ውሻ ላለው ሰው ግን አስቸጋሪውም እሱ ነው።

አሳቲግ

ደሴቱ 37 ማይል ይረዝማል። ሰሜኑ የሜሪላንድ፣ ደቡቡ የቨርጂኒያ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቨርጂኒያው ክፍል አብዛኛው የቺንኮቲግ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው፤ ውሻ እዚያ ጨርሶ አይገባም። ከመኪና ሳይወርድም ቢሆን አይገባም። ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ደሴቱ ላይ የለም። ጂፒኤሱ ቺንኮቲግ ካደረሳችሁ፣ ወደ ሜሪላንዱ በር ለመዞር ከአንድ ሰዓት በላይ መንዳት ነው። እናም አድራሻ ስታስገቡ በኦሽን ሲቲና በበርሊን በኩል የሚያስገባውን ምረጡ። ከዲሲ በቤይ ብሪጅ ተሻግሮ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ አርብ ከሰዓት በኋላ ከወጣችሁ ግን ድልድዩ ላይ የሚጠብቃችሁን እናንተም ታውቁታላችሁ።

በሜሪላንድ በኩልም ሁለት ፓርክ ጎን ለጎን አለ። አንዱ የፌዴራሉ ናሽናል ሲሾር ነው፣ ሌላው የስቴቱ። ቦታ የሚያዘውም ለየብቻ ነው፣ የውሻ ሕጋቸውም አንድ አይደለም። አንዱን አንብባችሁ ሌላው ጋ አትግቡ። በፌዴራሉ ውሻ ከ6 ጫማ ባልበለጠ ማሰሪያ ታስሮ ካምፑ ውስጥ ያድራል፣ ባሕር ዳርም ይሄዳል። የማይገባው ላይፍጋርድ ባለበት ባሕር ዳር፣ በሦስቱ አጫጭር የተፈጥሮ መንገዶችና በእግር ወይም በካያክ ብቻ በሚደረስባቸው ሩቅ ካምፖች ነው። ደኑን፣ ረግረጉንና የአሸዋ ክምሩን የሚያሳዩት መንገዶች በሙሉ ወጡ ማለት ነው። ውሻ ይዞ ለመጣ ሰው የሚተርፈው በባሕሩ ጠርዝ አሸዋ ላይ መሄድ ብቻ ነው።

አሸዋው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ላይኛው ደረቅና ልፍስፍስ ነው፤ ለ4 ኪሎ ውሻ አንድ ማይል እዚያ ላይ መሄድ ትልቅ ሥራ ነው። ማዕበሉ የሚያረጥበው ደንደን ያለና ቀዝቃዛ ነው። ውሃ ሲሸሽ ጠብቃችሁ በእርጥቡ ላይ ሂዱ። የባሕር ውሃ መውጫና መግቢያ ሰዓት በስልክ በቀላሉ ይገኛል።

ከዚያ ፈረሶቹ አሉ። አሳቲግ የሚታወቀው በዱር ፈረሶቹ ነው፤ እንደ ልባቸው ካምፑ መሀል ይዘዋወራሉ። ሕጉ ቢያንስ 40 ጫማ ራቁ ይላል፤ እነሱ ግን ሕጉን አላነበቡም። አንድ ጠዋት ቁርስ እያዘጋጀን ሳለ አንዲት ቡናማ ፈረስ ጎረቤታችን ድንኳን ጋ መጥታ የኩለሩን ክዳን በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ አደረገች። ሰዎቹ ተኝተዋል። ቡቺ ከጠረጴዛው ሥር ሆና ጆሮዋ ቆመ፤ ማሰሪያዋን እስከ መጨረሻው ወጥራ መጮህ ጀመረች። ፈረሷ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። የኋላ እግሯን ብቻ አንሥታ አሸዋውን መታ አደረገች። ቡቺን ብድግ አድርጌ መኪና ውስጥ ገባሁ። ፈረስ ይራገጣል፣ ይነክሳልም፤ ትልቅ ውሻ በአንድ ርግጫ ሊተርፍ ይችላል፣ ትንሽ ውሻ አይተርፍም። የሚጮህ ውሻ ካላችሁ አሳቲግን ከዝርዝራችሁ ብታወጡት ነው የሚሻለው።

ቢምቢው ደግሞ ስም ያተረፈ ነው። ነፋሱ ከውቅያኖሱ ሲነፍስ ደህና ነው፤ ከረግረጉ በኩል ሲመጣ ከድንኳን መውጣት አይቻልም። ስለዚህ ካምፕ ስትይዙ ከባሕረ ሰላጤው ጎን ይልቅ የውቅያኖሱን ጎን ምረጡ። እዚያ ደግሞ ጥላ የሚባል ነገር የለም። የራሳችሁን ዳስ ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ፤ ተራ የድንኳን ካስማም አሸዋው ላይ አይይዝም፣ ረጃጅሙን የአሸዋ ካስማ ግዙ።

ይህን ሁሉ ብዬ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሂዱ ብላችሁስ? ያኔ ሌላ ቦታ ነው። ቢምቢው ይቀንሳል፣ ሰዉ ይሄዳል፣ አሸዋው አያቃጥልም። ከማርች 15 እስከ ኖቬምበር 15 ፌዴራሉ ጋ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው፤ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይከፈታል።

ኬፕ ሄንሎፐን

ከልዊስ ከተማ ጎን ያለ የደላዌር ስቴት ፓርክ ነው። ከዲሲ መንገዱ ከአሳቲግ ትንሽ ያጥራል። የካምፑ ክፍል ጥድ አለበት፤ ጥላ አለ ማለት ነው። አሳቲግ ሄዳችሁ ከነበረ ይህች ብቻ ልዩነቷ ምን ያህል እንደሆነ ይገባችኋል።

እዚህ የተገላቢጦሽ ነው። መንገዱ ለውሻ ክፍት ነው፣ ባሕሩ ነው የሚዘጋው። ሰዎች የሚዋኙባቸው ባሕር ዳርቻዎች በሞቃቱ ወራት እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ድረስ ውሻ አያስገቡም። «ፖይንት» የሚባለው የአሸዋ ጫፍ ደግሞ ከማርች ጀምሮ ለወፎች ይዘጋል፤ ለሰውም ጭምር። ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባለው ትንሽ ወፍ አሸዋው ላይ ትጥላለች፤ ውሻ ሲቀርብ እናቲቱ እንቁላሏን ጥላ ትነሣለች። ገመድ የተዘረጋበትን ቦታ ካያችሁ ዞር በሉ፣ ክርክር አያስፈልግም።

መንገዱ ግን ምርጥ ነው። የጎርደንስ ፖንድ መንገድ በአንድ አቅጣጫ 3.2 ማይል ነው። ደቃቅ ጠጠር ተደምድሞበታል፣ ረግረጉ ላይ ሲደርስ ከፍ ያለ የእንጨት ድልድይ ይሆናል። ሜዳ ነው፤ ለአጭር እግር የተመቸ ነው። ደርሶ መልስ 6.4 ማይል ስለሆነ ግን ለትንሽ ውሻ በአንዴ ይበዛል። ግማሽ ሄዳችሁ ተመለሱ፣ ወይም የመልሱን መንገድ ተሸክማችሁ ጨርሱት። ጥላው ጥቂት ስለሆነ ጠዋት ውጡ። ሌላው ነገር ብስክሌት ነው። መንገዱን ብስክሌተኞች ይጋሩታል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ይበዛሉ። ማሰሪያውን አሳጥራችሁ ውሻውን በውጭ በኩል ያዙት። ከኋላ የሚመጣ ሰው 4 ኪሎ ውሻ አያይም፤ የሚያየው እናንተን ነው።

ሜይና ጁን ላይ ከሄዳችሁ በደላዌር ባሕረ ሰላጤ በኩል ሆርስሹ ክራብ የሚባሉት ባለ ጋሻ እንስሳት እንቁላል ሊጥሉ በብዛት ይወጣሉ። በተለይ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ። ለልጆች ድንቅ ትርኢት ነው። ለውሻ ግን አሸዋው ላይ የሞተውና የገማው ትልቁ ድግስ ነው፤ ይንከባለልበታል፣ ከቻለም ይበላዋል። ድንኳን ውስጥ አብራችሁ እንደምታድሩ አትርሱ።

ፈርስት ላንዲንግ

በእንግሊዞቹ ስም ነው የተጠራው፤ በ1607 ጄምስታውንን ከመመሥረታቸው በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የወረዱት እዚህ ኬፕ ሄንሪ ጋ ነው። እኔን የበለጠ የሚነካኝ ሌላው ታሪኩ ነው። ፓርኩን በ1930ዎቹ በመሥራት ትልቁን ድርሻ የተወጡት ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር በሚባለው፣ መንግሥት ለሥራ አጦች በከፈተው ፕሮግራም የተቀጠሩ ጥቁር ሠራተኞች ናቸው። ሲከፈት ግን እንደ እንግዳ መግባት አልተፈቀደላቸውም።

ወደ ውሻው እንመለስ። ባሕር ዳርቻው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን ነው የሚያየው፣ ክፍቱን ውቅያኖስ አይደለም። ይህ ለትንሽ ውሻ ዋናው ነገር ነው። ማዕበሉ ትንሽ ነው። አሳቲግና ሃተራስ ላይ አንድ ሞገድ መጥቶ ቡቺን ከእግሯ ያነሣታል፤ እዚህ ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ይመለሳል። ቡቺ ውሃውን ለመጀመሪያ ጊዜ የደፈረችው እዚህ ነው። ማሰሪያ ላይ እስካለች ድረስ ባሕር ዳሩ ላይ ትሄዳለች።

ካምፑ ከባሕሩ ጎን፣ በዛፍና በአሸዋ ክምር መሀል ነው። የእግር መንገዶቹ ሾር ድራይቭ ከሚባለው የመኪና መንገድ ማዶ ናቸው፤ ወደ 20 ማይል ይጠጋሉ። ውሻ በማሰሪያ ይሄድባቸዋል። ብስክሌት የሚፈቀደው በኬፕ ሄንሪ መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የእግረኛ ብቻ ናቸው። ከሄንሎፐን ይህ ይበልጠዋል። ባልድ ሳይፕረስ የሚባለው ዙር 1.5 ማይል ነው። ዛፎቹ ጥቁር ሻይ በመሰለ ውሃ ውስጥ ቆመዋል፣ ከቅርንጫፋቸው ግራጫ ስፓኒሽ ሞስ ተንጠልጥሏል፣ እናንተ በእንጨት መረማመጃ ላይ ታልፋላችሁ። እኩለ ቀን ላይ እንኳ ጥላ ነው። ለትንሽ ውሻ በልክ የተሰፋ መንገድ ቢኖር ይኼ ነው።

እንከኑን ደግሞ ልንገራችሁ። ረግረጉ ውስጥ ኮተንማውዝ የሚባል መርዘኛ የውሃ እባብ አለ። መንገዱ መሀል እየሄዳችሁ የመገናኘት ዕድላችሁ ትንሽ ነው፤ አፍንጫውን ውሃ ዳር ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚከት ውሻ ግን እሱን ፈልጎ እንደመሄድ ነው። መርዙ ከሰውነት ክብደት ጋር ስለሚሄድ ትንሽ ውሻ የበለጠ ይጎዳል። ከመንገዱ አታስወጡት። ሁለተኛው ድምፅ ነው። ኦሽያና የሚባለው የባሕር ኃይል አየር ጣቢያ ቅርብ ስለሆነ የጦር ጄቶች በላያችሁ ያልፋሉ። በርችት የሚንቀጠቀጥ ውሻ ካላችሁ አስቡበት። ሦስተኛው በሰመር የባሕረ ሰላጤው ጄሊፊሽ ነው፤ አሸዋ ላይ ሞቶ የተጣለውም ይናደፋል።

ከዲሲ መንገዱ በወረቀት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ሃምፕተን ሮድስ ዋሻ ጋ ግን ሰዓታችሁን ይበላዋል። ሐሙስ ማታ ወይም ጠዋት በጣም ማልዳችሁ ውጡ። የቨርጂኒያ ስቴት ፓርኮች ቦታ እስከ 11 ወር ቀድሞ ይያዛል። ድንኳን የማይሆንለት ካለ ካቢንም አላቸው፤ ለውሻ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል።

ኬፕ ሃተራስ

አጠር አድርጌ ልለፈው፣ ምክንያቱም ለቅዳሜና እሁድ አይሆንም። ከዲሲ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ስድስት፣ ወደ ደቡቡ ጫፍ ከሆነ ከዚያም በላይ ነው። ለውሻ ሕጉ ግን ከአራቱ ቸሩ ነው። ላይፍጋርድ ካለበትና ለወፍና ለባሕር ኤሊ ከታጠረው ቦታ በስተቀር፣ በ6 ጫማ ማሰሪያ ዓመቱን ሙሉ ባሕር ዳር መሄድ ይቻላል። ባሕር ዳሩም ማለቂያ የለውም። ካምፖቹ ኦሪገን ኢንሌት፣ ኬፕ ፖይንት፣ ፍሪስኮና ኦክራኮክ ናቸው፤ ኦክራኮክ በጀልባ ብቻ ነው የሚደረሰው።

እዚህ የማላልፈው አንድ ነገር እሾህ ነው። አሸዋው ላይ ሳንድስፐር የምትባል ሣር አለች። ፍሬዋ ትንሽ፣ ክብ፣ ዙሪያዋን እሾህ ናት። የውሻው መዳፍ መሀል ስትገባ እግሩን አንሥቶ ይቆማል፤ በጥርሱ ሊያወጣት ሲሞክር ከንፈሩን ትወጋለች። ወረንጦ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። የውሻ ጫማ ያላችሁ ለዚህ ቀን አስቀምጡት።

በመንገድ ላይ ጆኪስ ሪጅ የሚባለው ትልቅ የአሸዋ ተራራ አለ፣ ውሻ ይገባል። ግን አሸዋው ከአየሩ እስከ 30 ዲግሪ ፋራናይት ሊበልጥ ይችላል። አየሩ 85 ሲሆን የሚረግጠው 115 ነው ማለት ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ካልሆነ አትውጡት። ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ሆስፒታልም እንደ ቨርጂኒያ ቢች በእጅ አይገኝም። ዕድሜው የገፋ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ውሻ ካላችሁ እኔ አልወስደውም።

መቼ?

ከቦታው ምርጫ ይልቅ የወሩ ምርጫ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። ጁላይና ኦገስት ለትንሽ ውሻ አይሆንም፤ በተለይ ፓግና ሺትዙን ለመሰሉ አፍንጫ ድፍጥጦች። ውሻ የሚቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ የአየር መተላለፊያው ጠባብ የሆነ ውሻ ማለክለኩ ራሱ ያደክመዋል። የእጃችሁን ጀርባ አሸዋው ላይ አድርጋችሁ እስከ ሰባት ቁጠሩ። እናንተ ካልቻላችሁ እሷም አትችልም።

እኔ የምወደው እንቁጣጣሽ አልፎ መስቀል ሲደርስ ያለውን ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ ሰው ቀንሷል፣ የቨርጂኒያ ውሃ ገና ሞቃት ነው። ሄንሎፐን ከሆነ ኦክቶበር እስኪገባ ጠብቁ፣ ባሕሩም ይከፈትላችኋል። አንድ ጉድለት አለው። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ሲሆን ዋናው ጉልበቱ ሴፕቴምበር ላይ ነው። ሃተራስ ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ውሃ ሲያልፍበት ይዘጋል። የአየር ትንበያውን ሳምንት ሙሉ ተከታተሉ፣ ቦታችሁንም መሰረዝ የምትችሉበትን የመጨረሻ ቀን እወቁ።

በእግሯ ወይስ በጀርባችሁ?

ሁለቱም ነው መልሱ፤ ጥያቄው መሸከሚያው የቱ ይሁን ነው። በትከሻ የሚንጠለጠለው የጨርቅ ከረጢት ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይወጣል ይገባል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን አንዱን ትከሻ ይቆርጣል፤ የሰውነታችሁ ሙቀትም ወደ ውሻው ይሄዳል። መረብ ያለው የጀርባ ቦርሳ ውድ ነው፣ ሰፊ ነው፣ አየር ያስገባል። ከ5 ኪሎ በላይ ላለ ውሻ እኔ ሌላ አልገዛም። ልጅ ያላችሁ ደግሞ የሚጎተተውን ጋሪ ታስባላችሁ። ቀጭን ጎማ ያለው ደረቅ አሸዋ ላይ ይሰምጣል፤ ወፍራም ጎማ ያለው ይሄዳል፣ ጎርደንስ ፖንድ ላይማ ያምራል። ውሻውን ከቤት ሳላችሁ ሳሎን ውስጥ አለማምዱት።

ማሰሪያውን ከአንገት ሳይሆን ከደረት የሚያዘውን አድርጉ። ዮርኪ፣ ቺዋዋና ፖሜራኒያን የመተንፈሻ ቱቧቸው በቀላሉ ይጫናል፤ ወፍ አይታ በአንገቷ ስትወረወር ሳል ይጀምራታል። እየተዘረጋ የሚጠቀለለውን ማሰሪያ ቤት ተዉት። ከ6 ጫማ ስለሚያልፍ ሬንጀር ካየው ቅጣት ነው፤ አሸዋ ከገባበትም አይጠቀለልም።

ሌሊት ውሻው ድንኳን ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ውጭ ታስሮ አይደለም። ራኩን አለ፣ ቀበሮ አለ፣ ትልቅ ጉጉትም አለ። አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ይህን ስትሰማ «በሕግ አምላክ! ውሻ እኛን ይጠብቃል እንጂ እኛ ውሻ ልንጠብቅ?» ብላ ነበር። በ4 ኪሎዋ ቡቺ ግን ጥበቃው መዞሩ አልቀረም።

ውሃ፣ መዥገር፣ ወጥ

ውሻ የባሕር ውሃ ይጠጣል። ጨው መሆኑን አውቆ አይተወውም። ትንሽ ከሆነ ያስቀምጠዋል፣ ያስታውከዋል፤ ብዙ ከሆነ ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ከልክ አልፎ እስከ መንቀጥቀጥ ይደርሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በየ15 ደቂቃው ንጹሕ ውሃ ስጡት፣ ሳይጠማው። በተለመደው ቀን በኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ነው የሚጠጣው፤ በሙቀት ቀን እጥፍ ያዙ። ስትመለሱ መዳፉንና ሆዱን በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ጨው ሲደርቅ ያሳክካል።

መዥገር በአራቱም ቦታ አለ፤ ላይም የሚባለው በሽታም ሌላውም በሱ ይመጣል። የመዥገርና የልብ ትል መከላከያውን ከመሄዳችሁ በፊት ከቬት ጋር ተነጋገሩ፣ የልብ ትል የሚመጣው በቢምቢ ነው። ማታ ማታ ድንኳን ውስጥ በጣቶቹ መሀል፣ ከጆሮው ኋላ፣ ከብብቱ ሥር፣ ከማሰሪያው በታች ዳብሱ። ቢምቢና መዥገር ለማባረር ለራሳችሁ የምትቀቡት ዲት (DEET) ያለበት ቅባት ለውሻ አይሆንም፤ የተቀባችሁትን እጅ ሲልስም ተጠንቀቁ። የእብድ ውሻ ክትባት ወረቀቱንም ያዙ፣ ሊጠየቅ ይችላል።

የእንግሊዝኛ መመሪያዎች የማይነግሯችሁ ደግሞ የኛው ምግብ ነው። ካምፕ ስንወጣ ጥብስ፣ ዶሮ፣ የተረፈ ወጥ በዕቃ ይዘን ነው። ወጣችን ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ ዱቄቱም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ለ4 ኪሎ ውሻ የግማሽ መካከለኛ ሽንኩርት ያህል ሊመርዝ ይችላል፤ ይህን ያህል በወጥ በተለወሰ እንጀራ ውስጥ ሳታውቁት ይገባል። ምልክቱ ወዲያው አይታይም። ከጥቂት ቀን በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ይዝላል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፤ ያን ጊዜ እናንተ ጉዞውን ረስታችሁታል። የዶሮው አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቅቤ የበዛበት ጥብስ ቆሽቱን ያስቆጣል። ዘቢብ ለኩላሊቱ መርዝ ነው፤ ቡና ከጠጣችሁ አተላውን መሬት ላይ አትድፉት።

እንግዳ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ። የኛ ሰው ሲበላ ለሚያየው ውሻ ሳያጎርስ አያልፍም፤ «ምስኪን፣ እያየችኝ እኮ ነው» ብሎ ሥጋውን ይጥልላታል። እኔ ሳልጨው፣ ሳልቀባ የቀቀልኩት የዶሮ ሥጋ በትንሽ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ማጉረስ የፈለገ ከዚያ ያጉርስ።

ከተሳሳተም ጊዜ ሳታጠፉ ምን እንደበላ፣ ምን ያህል፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጻፉና ደውሉ። ኤኤስፒሲኤ የሚባለው የእንስሳት ማኅበር የመርዝ መቆጣጠሪያ መስመር አለው። 24 ሰዓት ይሠራል፤ ክፍያ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁጥሩን ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ካምፑ ጋ ኔትወርኩ እየመጣ ይሄዳል።